ለመድረክ ጅራፍ ስገዛ የደረሰብኝ፣ ሦስት ዓይነት ጅራፍ፣ አንድ አለንጋ እና አንድ የተሰበረ አምፖል

ባለፈው ክረምት የኛ ቡድን ለቡሄ ሰሞን አንዲት አጭር ቴአትር ይዞ ሊወጣ ነበር፣ እረኞች ያሉባት፣ ስትጀምርም ስታልቅም ጅራፍ የሚጮህባት። ዕቃ ሲጠፋ ሁሌ "ፈልግ" የምባለው እኔ ነኝ፣ የቡድኑ ፕሮፕስ (የመድረክ ዕቃ) ኃላፊም ተዋናይም ተሸካሚም ነኝ በቃ፣ ስለዚህ ጅራፍ ግዛ ተባልኩ። ጅራፍ ደሞ ምን አለው ብዬ ነበር ከቤት የወጣሁት። ከዛ በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት ዓይነት ዕቃ ገዛሁ፣ አንዱ ጭራሽ አልሠራም፣ አንዱ ግማሽ በግማሽ፣ ሁለቱ ግን አንበሳ ናቸው። ለውዝዋዜም ይሁን ለቴአትር ለሰርከስም ጅራፍ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ የኔን ኪሳራ እያያችሁ ግዙ።

በመጀመሪያ አለንጋ እና ጅራፍ አንድ አይደሉም። ይሄን የምለው ዳይሬክተራችን ስክሪፕቱ ላይ "ጌታው ጅራፉን ይዞ ይገባል" ብሎ ስለጻፈ ነው፣ እሱ በልቡ ያሰበው ግን ያንን የድሮ ሹም የሚይዘውን አጭሩን ነገር ነበር። አለንጋ አጭር ነው፣ ደረቅ ነው፣ ሥራው መግረፍ ነው፣ የጉማሬ ቆዳውን አይታችሁ ከሆነ እንደ ዱላ ነው ማለት ይቻላል፣ አየር ላይ ብታወናጭፉት ዥው ይላል እንጂ አይጮህም። ጅራፍ ረጅም ነው፣ የእረኛ ነው፣ ስሙም ግርማውም ጩኸቱ ነው። ስለዚህ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ዳይሬክተሩን "እንዲታይ ነው ወይስ እንዲሰማ ነው የምትፈልገው?" ብላችሁ ጠይቁት፣ እኔ ባለመጠየቄ ነው የመጀመሪያው ብር የፈሰሰው።

የመጀመሪያው ግዢ። ከመሀል ከተማ የቱሪስት ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች አንዱ ገባሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለች አንዲት ጅራፍ፣ እጀታዋ በመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ፣ ቆዳዋ ጥቁርና ቡናማ እየተፈራረቀ የተጎነጎነ፣ በቃ እንደ ሙሽራ ያጌጠች። 1800 ብር። ተከራክሬ 1500 አደረግኳትና ደስ ብሎኝ ወደ ልምምድ ሮጥኩ። አንድ ጊዜ ወናጨፍኩ፣ ምንም። ሁለተኛ ወናጨፍኩ፣ ዞራ መጥታ ጆሮዬን ላሰችኝ። ልጆቹ እየተቀባበሉ ሞከሩ፣ አንዷ ብቻ "ጠፍ" የሚል ድምፅ አወጣች እሱም ወለሉን ስለመታችው ነው።

የምንለማመድበት አዳራሽ ዘበኛ መንዝ ያደጉ አባት ናቸው፣ በር ላይ ቆመው ሲያዩን ቆይተው ገቡና ተቀበሉኝ፣ ከእጀታው ጀምረው እስከ ጫፉ በጣታቸው ዳሰሷት፣ ከዛ መልሰው ሰጡኝ።
"ልጄ ይቺ ለግድግዳ ናት" አሉኝ።
"እንዴት አባባ?"
"ላይዋም ታችዋም እኩል ነው። ጅራፍ እንደ አይጥ ጭራ ነው የሚሆነው።"

ዕቃውን ልመልስ ሄድኩ፣ ባለሱቁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "ብራዘር ጅራፍ አልከኝ ጅራፍ ሸጥኩልህ፣ ትጮሃለች ብዬሃለሁ እንዴ?" እውነቱን ነው፣ አላለኝም። የምመልሰው ጠፋኝ፣ ጅራፏ አሁን ቤቴ ግድግዳ ላይ ናት፣ ለዛ ከሆነ ከ10 ዘጠኝ እሰጣታለሁ።

የአባባ "አይጥ ጭራ" የምትለዋን ነገር በኋላ ሳነብ ነው ጥልቀቷ የገባኝ። ጅራፍ የሚጮኸው ቆዳ ከቆዳ ተጋጭቶ አይደለም፣ መሬትም መቶ አይደለም። እጃችሁን ወደፊት ስትልኩት ገመዱ ላይ አንድ ቀለበት የመሰለ እጥፋት ይፈጠራል፣ ያ እጥፋት ወደ ጫፉ ይሮጣል፣ ገመዱ እየቀጠነ ሲሄድ ክብደቱ ስለሚቀንስ ፍጥነቱ እየጨመረ እየጨመረ ይሄድና ከድምፅ ፍጥነት ያልፋል፣ ማለትም በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ። ያቺ "ጧ" የምትለው ጄት የድምፅን ፍጥነት ሲያልፍ የሚያሰማው ፍንዳታ ታናሽ እህት ናት። በ2002 እ.ኤ.አ. ከአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች በሒሳብ ሠርተው ያሳዩት ድምፁ የሚፈጠረው ከዛ ከሚሮጠው እጥፋት መሆኑን ነው። እንግዲህ እጀታው ጋ የወፈረው ጫፉም ጋ ያው ከሆነ እጥፋቱ ምን አግኝቶ ይፈጥናል? የኔዋ ሙሽራ ችግሯ ይሄ ነበር። አባባ አሪዞና አልሄዱም፣ በጣታቸው ነው ያወቁት።

ሁለተኛው አለንጋዋ ናት፣ ለጌታው። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡ እናት 400 ብር ገዛሁ፣ ብዙ የሚወራላት የለም፣ ተዋናዩ እየተንጎራደደ ቦቲውን ጠፍ ጠፍ ሲያደርግባት አዳራሹ ዝም ይላል። ሰው ላይ ግን በልምምድም በቀልድም እንዳታሳርፉት፣ ያማል።

ሦስተኛው የልጆቹ ጅራፍ ነው፣ ለኔ የዚህ ጽሑፍ ጀግና። ነሐሴ ከገባ በኋላ በየሰፈሩ ልጆች ጅራፍ ይገምዳሉ፣ ለራሳቸው የገመዱትን ይሸጣሉም። ገጠር ከልጥም ከቃጫም ከጠፍርም ይሠራል፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ብዙውን ያየሁት ከማዳበሪያ ጆንያ በተፈታ ክርና በቃጫ ነው። እኔ ሽሮሜዳ ወደ ላይ ስወጣ መንገድ ዳር ሁለት ልጆች አገኘሁ፣ አንዱ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ ነጋዴ ግን ነጋዴ ነው።
"ስንት ነው?"
"200"
"ለዚህች ገመድ?"
"ጋሼ ገመድ ከፈለግክ ሱቅ አለልህ" አለና እዛው አስፋልቱ ዳር አጮኻት፣ አንዲት ሴትዮ ዘለለች፣ ተሳደበች፣ እኔ ከፈልኩ። ሁለት ወሰድኩ።

እዚህ ጋ ምክሬ አንድ ነው፣ ሻጩ ሳያጮህላችሁ አትግዙ። ከዛ እናንተም አጩሁት፣ ምክንያቱም ለሱ ክንድ የሠራች ላንተ ላትሠራ ትችላለች። ዘርግታችሁ በጣታችሁ ከላይ እስከታች ሂዱ፣ በድንገት የሚቀጥን ቦታ ካለ እዛ ጋ ትበጠሳለች ወይ ድምፁን እዛው ትበላዋለች፣ ቀስ እያለ ነው መቅጠን ያለበት። ግመዳው ጠበቅ ያለ ይሁን፣ ጣታችሁን ስታሽከረክሩበት ክሮቹ አፋቸውን ከከፈቱ ተዉት። እና ቀኑን አትርሱ፣ እኔ የተጠባባቂ ጅራፍ ልገዛ ነሐሴ 16 ተመልሼ ብሄድ ልጆቹ የሉም፣ ጅራፍ የለም፣ ሰውም "አሁን ምን ያደርግልሃል ቡሄ አለፈ" ብሎ ያየኛል። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ግዙ፣ ከአንድ በላይ ግዙ።

የልጆቹ ጅራፍ ጉድለት ድምፁ አንዳንዴ መጥፋቱ ነው። አምስቴ ብታወናጭፉ ሦስቴ ትጮሃለች፣ ሰፈር ውስጥ ምንም አይደለም፣ መድረክ ላይ ግን ተዋናዩ "ስሙ የደብረ ታቦርን ድምፅ!" ብሎ ወናጭፎ ዝም ካለች ሰው ይስቃል፣ ስቋልም። እንደምታውቁት የጅራፉ ጩኸት በታቦር ተራራ ላይ የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው ይባላል፣ እዛ ጋ ዝም ማለት አይቻልም።

በዚህ ጭንቀት ላይ እያለን ነው አራተኛዋ የመጣችው። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለክረምት ልትመጣ ስለነበር ኦንላይን አዝዛ በሻንጣ አመጣችልኝ፣ ቡልዊፕ የሚሉት፣ ፓራኮርድ ከሚባል ቀጭን ጠንካራ የናይሎን ገመድ የተጎነጎነ፣ ባለ 6 ጫማ፣ 90 ዶላር። ፈረንጆቹ ለመድረክ የሚመርጡት ዋናው ከካንጋሮ ቆዳ ነው፣ ቆዳው ቀጭን ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ በ12 እና በ16 ዘለላ አጥብቆ ለመጎንጎን ይመቻል፣ ዋጋው ግን በመቶዎች ዶላር ነው፣ በቡድናችን ካዝና ስሌት የሁለት ዓመት ቴአትር ነው እሱ።

ናይሎኗ እውነት ለመናገር ማሽን ናት። ዝናብ ቢነካት አይገዳትም፣ ቅባት አትፈልግም፣ አሥር ጊዜ ብትልኳት አሥር ጊዜ ትጮሃለች። ግን መጠኗን ስታዩ ተጠንቀቁ። 6 ጫማ ሲሏችሁ ወደ 1.8 ሜትር ነው፣ ይሄ የሚለካው ከእጀታው ጀምሮ ጉንጉኑ እስከሚያልቅበት ነው፣ ከዛ በኋላ ያለው ነጠላ ማሰሪያና ጫፉ ላይ ያለው ክር አይቆጠርም! እኔ 1.8 ብዬ መድረኩን ለካሁ፣ ክንዴ ሲጨመር፣ ማሰሪያው ሲጨመር፣ ከሦስት ሜትር አልፎ ሄደና ከላይ ከተሰቀሉት መብራቶች አንዱን አገኘው። አምፖሉን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ ወለሉ ላይ በጠመኔ ክብ እንሠራለን፣ ጅራፍ ያለበት ሰው ክቡ መሀል፣ ሌላ ፍጥረት ከክቡ ውጪ፣ ጣሪያው ዝቅ ካለ ከራስ በላይ ሳይሆን በጎን ነው የምንልከው። መነፅርም አድርጉ በልምምድ ጊዜ፣ ይሄን ስል አትሳቁ፣ ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚገርፈው ራሱን ነው።

ናይሎኗ ሌላም ጣጣ አላት፣ መልኳ። ጥቁር ናት፣ መብራት ሲያርፍባት ታብለጨልጫለች፣ ቁምጣና ቡሉኮ የለበሰ የመንዝ እረኛ እሷን ይዞ ሲወጣ የቴክሳስ ከብት ጠባቂ ነው የሚመስለው። ድምፁም ለኛ ትንሽ አዳራሽ በዛ፣ ፊት ወንበር የተቀመጠች ሕፃን አለቀሰች፣ ሳውንድማናችንም ማይኩን ካልዘጋችሁልኝ እሄዳለሁ አለ። ታዲያ ምን አሰብን፣ እረኛው መድረክ ላይ የልጆቹን ጅራፍ ያወናጭፍ፣ እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ናይሎኗን ላጩህ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ይባል የለ፣ የኛው ጅራፍ ደሞ አንዱ ይገርፋል ሌላው ይጮሃል ሆነ፣ እኔ መድረኩን ስለማላይ ልጁ እጁን ሳያነሳ አጮህኩት፣ ሲያነሳ ደሞ ዝም አልኩ። ያን ቀን የተሳቀው ሳቅ ኮሜዲ ብንሠራም አይገኝም።

መፍትሔውን ያመጡት አባባ ናቸው አሁንም። ሁለቱን ጅራፎች ጎን ለጎን አስዘርግተው ሲያዩ ቆዩና የናይሎኗን ጫፍ ይዘው "ይቺን ፍታና ለዛኛዋ እሰርላት" አሉኝ። ጫፏ ላይ ያለችው ክር ማለት ነው፣ አንድ ስንዝር የማትሞላ፣ ከታች የተፈተለች። ፈታሁ፣ የልጆቹ ጅራፍ ላይ አሰርኩ፣ ወናጨፍኩ፣ ጧ! ደገምኩ፣ ጧ! 90 ዶላር ሙሉ ስፈልገው የነበረው ነገር ያቺ ክር ኖራለች ለካ። ከዛ ወዲህ ራሳችን እንሠራታለን፣ መርካቶ ገመድ ከሚሸጡት የናይሎን ሲባጎ ገዝተን ሁለት ስንዝር ቆርጠን፣ አጥፈን በደንብ አክርረን ከታች እንቋጥርና ከቋጠሮው በታች ሁለት ጣት ያህል እንተወዋለን፣ እሱን እንደ ጭራ እንበትነዋለን። ክሯ አላቂ ናት፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ በአንድ ቀን ልምምድ ትበላለች፣ በእንጨት መድረክ ሁለት ሾው ትቆያለች፣ ኪሳችሁ ውስጥ አራት አምስት ይኑር። ከእያንዳንዱ ሾው በፊት ደሞ ቋጠሮዋን ሳቡ፣ ተፈትታ ወደ ሕዝብ ብትበር ዓይን ነው፣ ለዚህም ነው ወደ ተመልካቹ አቅጣጫ መቼም የማንልከው።

አላላኩ ላይ ብዙ አልልም፣ ግን ጉልበት አይደለም። ጡንቻ ያለው ልጃችን ነው እስከመጨረሻው ያልቻለው፣ ቀጭኗ ልጅ በሁለተኛ ቀን አጮኸችው። አባባ እንዳሉት "አትምታው፣ ላከውና ተወው"።

ዋጋውን ደምሩት እንግዲህ። የቱሪስቷ 1500 ብር ለግድግዳ። አለንጋዋ 400፣ ሠርታለች። የልጆቹ ሁለቱ 400 ብር፣ ሲባጎው መቶ የማይሞላ፣ እነዚህ ናቸው ስምንት ሾው የተሸከሙት፣ ከ10 ዘጠኝ፣ አንዱን የቀነስኩት ከዝናብ በኋላ ቃጫው ውሃ ጠጥቶ ስለሚከብድ ነው፣ በረንዳ ላይ ሰቅላችሁ አድርቁት። ናይሎኗ ለሰርከስ ልጆች ወይም ለሰፊ መድረክ ወይም ውጪ ሜዳ ላይ ለምትሠሩ ከ10 ስምንት ናት፣ ለአገር ቤት ቴአትር ግን አምስት። እሷን አሁን ለልምምድ ብቻ ነው የምናወጣት፣ አዲስ ሰው ሲመጣ እጁን ይፍታባት እያልን።

ከልጆቹ ሁለት ጅራፍ አንዷ ቡድኑ ጋ አለች። ሁለተኛዋን የአከራዬ ልጅ አንድ ቀን ላያት ብሎ ወስዷት ነው፣ በየማታው ከራት በፊት እሰማታለሁ፣ ክሯንም ሳይነግሩት ራሱ ቀይሮላታል መሰለኝ፣ ድምጿ ከኔ ጊዜ ይበልጣል።