«እኔ አልጽፍለትም» ላለችኝ መምህርት

ይህን ምስጋና ካዘገየሁት ቆየሁ። ልጄ አስራ ሁለተኛን ጨርሶ አሜሪካ ላሉ ኮሌጆች ሊያመለክት ሲነሳ ውጤቱ አላሳሰበንም። የቸገረን ኮሌጆቹ ተማሪው ስለራሱ እንዲጽፍ የሚጠይቁት ድርሰት ነበር።

መጀመሪያ አንድ ቢሮ ሄድን። ስሙን አልጠራም። «እኛ ጽፈን እናስረክባለን» አሉን፤ ቀብድ ከፈልኩ። ድርሰቱ ሲመጣ ልጄ በሕፃንነቱ አባቱን ያጣ ሆኖ ተጽፏል። አባቱ ደግሞ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጣ ነው!

ከዚያ ነው የሥራ ባልደረባዬ ወደዚህች መምህርት የላከችኝ። አራት ኪሎ፣ ያረጀ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል። ሊፍት የለም፤ ጉልበታችሁን አዘጋጁ። ሥራውን የጀመረችው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አካባቢ ካፌ ውስጥ፣ በአንድ ማኪያቶ ሦስት ሰዓት እየተቀመጠች ነው። አሁን ክፍል ተከራይታለች፤ ድሮ ያስተማረችውን አንድ ልጅም ቀጥራለች።

ገና ሳንቀመጥ «እኔ አልጽፍለትም» አለችኝ። እውነቱን ልናገር፣ ቅር አለኝ። ታዲያ የምከፍለው ለምንድነው?

ልጄ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሀገሬን የማገልገል ሕልም ነበረኝ» የሚል ወረቀት ይዞ ነበር። አንብባ ገልብጣ አስቀመጠችው። ስልኳን መቅጃ ላይ አድርጋ «እንግሊዝኛውን ተወውና በአማርኛ አውራኝ። ትናንት ከሰዓት ምን ስትሠራ ዋልክ?» አለችው።

«ውሃ ስቀዳ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

ከዚያማ እኔ እናቱ የማላውቀው ጉድ ወጣ። ልጄ ውሃ የመጣበትን ቀንና ሰዓት ሁሉ ደብተር ላይ ይመዘግባል። ሁለት ዓመት ሙሉ! እኔ ሒሳብ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። ልደታ ኮንዶሚኒየም ያለን ጎረቤቶች «ዛሬ ይመጣል?» እያሉ እሱን ነው ለካ የሚጠይቁት። አንድ ቀን ለታችኛዋ ጎረቤታችን «ዛሬ አይመጣም፣ ይተኙ» አላቸው። ሌሊት መጣ። እሳቸው ሳይቀዱ ቀሩ። ጠዋት ከእኛ ላይ ሁለት ጀሪካን ተሸክሞ ወረደላቸው።

«በቃ፣ ይሄን ጻፈው» አለችው።

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «ውሃ የለንም ብሎ ለፈረንጅ ሊያወራ ነው?» ሳቀች። «አይስጉ፤ እነሱ የሚያዩት ደብተሩን ነው» አለችኝ።

ኮመን አፕ፣ ማለትም በአንድ ቅጽ ለብዙ ኮሌጆች የሚያመለከትበት ድረ ገጽ፣ ለድርሰቱ የሚፈቅደው 650 ቃል ብቻ ነው። የልጄ የመጀመሪያው ጽሑፍ ከሺህ በላይ ነበር። አንድም ዓረፍተ ነገር አልጻፈችለትም። በእርሳስ ታሰምርና ጠርዙ ላይ «ምን ሰዓት ነበር?»፣ «ምን አሉህ?» ብላ ትጠይቃለች። ተናዶ ቤት የገባባቸው ቀናት ነበሩ። አምስት ጊዜ ጻፈው። አምስተኛውን ሳነብ ድምፁን ሰማሁት።

ሌላው ውለታዋ ቀን ማስታወስ ነው። ማመልከቻ ቀደም ብለው ከሚቀበሉት ኮሌጆች ብዙዎቹ ጥቅምት 22 ይዘጋሉ፤ መደበኛው ማመልከቻ ደግሞ ለብዙዎቹ የሚዘጋው ታኅሣሥ 23 አካባቢ ነው። «11:59» የሚለውን አይቼ እኔ ገና ሳይመሽ የሚዘጋ መስሎኝ ስጣደፍ፣ ለካ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስድስት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። እሷ ግን «መብራት ቢጠፋስ?» ብላ ከሦስት ቀን በፊት አስላከችው።

የምታስከፍለው በቆይታ ነው። «ተቀባይነት ካገኘ ይህን ያህል» የሚባል ነገር የላትም። እንዲያውም ገንዘባችንን ሳትቀበል በፊት፣ አሜሪካ መማር ለሚፈልጉ ነፃ ምክር ወደሚሰጠው የአሜሪካ መንግሥት አገልግሎት፣ ኢዱኬሽን ዩኤስኤ፣ ልካን ነበር። ለውጭ ተማሪ ሙሉ ወጪ የሚሸፍኑ ኮሌጆች ጥቂት መሆናቸውንም ሳትደብቅ ነግራናለች።

ጉድለቷንም ልናገር። ስልክ ቶሎ አታነሳም። ሩብ ሰዓት ብንዘገይ ከበር መልሳናለች፤ ታክሲ ጠፍቶ ነው ብንላትም አልሰማችም። ተማሪም ብዙ አትቀበልም፤ ስለዚህ የዘንድሮ አስራ አንደኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ከአሁኑ ተመዝገቡ።

መልሱ መጋቢት ላይ ይጠበቃል። ልጄ ደብተሩን አሁንም አላቋረጠም፤ ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ ብሎ ጽፏል።

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ግን አትደውሉላት፤ ልጆች ይዛ ነው።