ሰምታኝ «አብሽሪ» ላለችኝ ሲስተር

ይህን ለመጻፍ ስንት ጊዜ ስልኬን አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። ዛሬ ግን ልጨርሰው። ደሴ ውስጥ በመንግሥት ሆስፒታል የምትሠራ አንዲት የአእምሮ ጤና ነርስ አለች። «ስሜን እንዳትጽፊ» ብላ አደራ ስላለችኝ ሲስተር ብቻ እላታለሁ። እሷን ላመሰግን፣ እንደኔ ለሆነ ሰውም ልጠቁም ብዬ ነው።

ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። የጡት ካንሰር ይዞኝ ቀዶ ሕክምናውንም ኬሞውንም አልፌ፣ ጨረሩን አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ጨርሼ በ2016 ሐምሌ ላይ ቤቴ ገባሁ። ጎረቤት ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ቄሱም መጥተው መረቁኝ። ሁሉም «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» አለኝ። እኔም አሜን አልኩ።

ማልቀስ የጀመርኩት በሦስተኛው ሳምንት ነው።

እኔ ራሴ ግራ ገብቶኝ ነበር። ፀጉሬ ረግፎ፣ ምግብ አልወርድ ብሎኝ በነበረበት ጊዜ እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም። ያኔ ሁልጊዜ ቀጠሮ አለ። ደም ይመረመራል፣ ሐኪም ያየኛል፣ ነርሶቹ በስሜ ይጠሩኛል። አጠገቤ የተኛችው ታካሚ ሕመሜን ሳልነግራት ታውቀዋለች። ስጨርስ ግን «ከሦስት ወር በኋላ ተመለሽ» የሚል ወረቀት ይዤ ወጣሁ። እስከዚያ ማን ነው የሚያየኝ?

ራሴን ሲያመኝ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ እላለሁ። ውሃ ተሸክሜ ወገቤን ሲያመኝ አጥንቴ ላይ ደረሰ እላለሁ። ሌሊት ብብቴን ስዳብስ ይነጋል። ክፍል ውስጥ ደግሞ የተማሪዎቼ ስም ይጠፋብኛል። አንድ ቀን ትንሿ ልጄ «እማ፣ ድነሽ የለም እንዴ? ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት።

ለሰው ልንገር ስል «አብሽሪ» ይሉኛል። ወሎ ያደገ ያውቀዋል፤ እንደዚህ ቃል የሚያጽናና የለም። ግን ገና አፌን ሳልከፍት ነበር የሚሉኝ። «አብሽሪ፣ አሁን እኮ ድነሻል። ፈጣሪን እንዳታማርሪ።» በክፋት አይደለም፤ እንደሚወዱኝ አውቃለሁ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ዝም አልኩ። ባለቤቴም ዝም አለ። እሱ ነገሩን የረሳው መስሎኝ ነበር።

ለክትትል ደሴ ስወጣ ያየኝ ሐኪም ስለ እንቅልፌ ጠየቀኝና ወደ አእምሮ ጤና ክፍል ላከኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፋኝ። «አብደሻል» የተባልኩ መሰለኝ። የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን ፊቴ ድረስ ስቤ ነው ኮሪደሩ ላይ የተቀመጥኩት።

ሲስተር ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «እታለም፣ ቤትሽ ከገባሽ ወዲህ ያለውን ንገሪኝ» አለችኝ። ስለ ካንሰሩ ሁሉም ጠይቆኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስላለው የጠየቀችኝ እሷ ናት። ምን ያህል እንዳወራሁ አላውቅም። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ነው «አብሽሪ» ያለችኝ። ቃሉ ያው ነው። ያን ቀን ግን ልቤ ገባ።

ከዚያ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ድካም፣ የምወደው ነገር ያስደስተኝ እንደሆነ፣ መኖር አስጠልቶኝ እንደሆነም ሳይቀር። ይህን የመጨረሻውን ማንም ደፍሮ ጠይቆኝ አያውቅም።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ስላልዋሸችኝ ነው። «አይመለስም ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ ማንም ሊገባልሽ አይችልም» አለችኝ። ፍርሃቱ ሕክምና የጨረሰ ብዙ ሰው ዘንድ እንዳለ ነገረችኝ። «ያኔ ለመትረፍ ስትሮጪ ለማልቀስ ጊዜ አልነበረሽም። አሁን ነው ጊዜ ያገኘሽው።» ድካሙና መርሳቱም ከሕክምናው ጋር የሚመጣ፣ ለወራት ሊቆይ የሚችል ነገር መሆኑን ያወቅኩት ከእሷ ነው። እኔ ግን ማስተማር ያበቃልኝ መስሎኝ ነበር።

ደብተር ግዢ አለችኝ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ ሃያ ደቂቃ ተቀምጬ የሚያስፈራኝን ሁሉ እጽፋለሁ። ሌሊት ሲመጣብኝ «ነገ 11 ሰዓት» እለዋለሁ። መጀመሪያ የልጅ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ወር ሳይሞላ ግን ሌሊቱን መተኛት ጀመርኩ። አዲስ ሕመም ከተሰማኝ ቀኑን ደብተሩ ላይ እመዘግባለሁ። ሁለት ሳምንት አልፎት ካልተወኝ ለሐኪም እነግራለሁ። «እብጠት በእጅሽ ካገኘሽ ግን ቀን አትቁጠሪ፣ ቶሎ ነይ» ብላኛለች።

በሦስተኛው ቀጠሮ ባለቤቴን ይዤው መጣሁ። እሷው ናት አምጪው ያለችኝ። እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ትተነፍስ እንደሆነ ለማየት ሌሊት እየተነሳሁ አያታለሁ» አላት። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ሁለታችንም ነቅተን ነው ለካ የምናድረው። አሁን ማታ ማታ እሱም ደብተሩን ያነባል።

ባለፈው የክትትል ቀን ወደ ደሴ የሚያስወጣውን የሐረጎን ተራራ ስንወጣ ጉም ነበር። ጆሮዬ ተደፈነ፣ ሆዴም ተገለባበጠ። ፍርሃቱ ጠፍቷል አልላችሁም። ከቀጠሮ በፊት ባለው ሳምንት አሁንም ይብሳል። ግን እንደሚብስ አስቀድማ ስለነገረችኝ፣ ሲመጣ አውቀዋለሁ።

እንደኔ የሆናችሁ ካላችሁ፣ ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሄዳችሁ የአእምሮ ጤና ክፍል በሉ። አትፈሩ። የሕክምና ወረቀታችሁን ያዙ። ለእኔ ንግግሩ በቃኝ፤ መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰውም አለ፣ ነውር የለበትም። ታሞክሲፈን የሚባለውን፣ የጡት ካንሰር እንዳይመለስ የሚሰጠውን መድኃኒት የምትወስዱ ግን ይህን ሳትነግሩ እንዳትወጡ። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ከእሱ ጋር አብረው አይሄዱም። ታሞክሲፈኑንም በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ራሴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ የመጣበት ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅ፤ ለቅርብ ሰው ነግሮ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ሲስተርን በተለይ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የምትገኝበትን ቀን እነግራችኋለሁ።

ሲስተር፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ልጄ እንደገና ጠይቃኝ ነበር። «ፈርቼ ነው፤ አሁን ግን ለሰው ነግሬዋለሁ» አልኳት። «ለማን?» አለችኝ። ስምሽን ለእሷ ብቻ ነገርኳት።