«ሙሉ ፓኬጅ» የተራራ ጠመንጃ ልትገዙ ነው? ቆይ እስቲ!

ለተራራ አደን ጠመንጃ የምትፈልጉ ሰዎች «ሙሉ ፓኬጅ» የሚባለውን ነገር በደንብ እዩት። ጠመንጃ፣ ማነጣጠሪያ መነጽር፣ ማንገቻ፣ መደገፊያ እግር፣ አንዳንዴ ጫማ ሳይቀር በአንድ ዋጋ። «ተስተካክሎ ያለቀ ነው፣ ይዘህ መውጣት ብቻ!» ይሏችኋል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና...

ጠመንጃው ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ጉዱ ያለው ከላዩ ነው። ቅናሹን ያመጡት ከመነጽሩና መነጽሩን ጠመንጃው ላይ ከሚይዘው ማሰሪያ ላይ ቆርጠው ነው። አንድ ወዳጄ የገዛውን ሊያሳየኝ ይዞ መጣ። የማሰሪያውን ብሎኖች በጣቴ ነካ ነካ ሳደርጋቸው ሁለቱ ዞሩ። በጣት! ሻጩን ሲጠይቀው «በሌዘር ተስተካክሏል እኮ» አለው። ሌዘር መነጽሩንና አፈሙዙን በግምት ያገናኛል እንጂ ጥይቱ የት እንደሚያርፍ አያውቅም። እሱን የሚነግራችሁ የምታድኑበትን ጥይት ራሱን ወረቀት ላይ መተኮስ ነው። ብሎኑ ከላላ ደግሞ ዛሬ ያስተካከላችሁት ነገ ቦታውን ይለቃል።

ከሳጥኑ ውስጥ ሦስት ቀዳዳ ተጠጋግተው የሚታዩበት ካርድ ታገኙ ይሆናል። «ከአንድ ደቂቃ ማዕዘን በታች» ይላል። በ100 ሜትር ሲተኮስ ቀዳዳዎቹ ከ2.9 ሴንቲሜትር ገደማ በላይ አልተራራቁም ማለት ነው። ደስ ይላል፤ ግን ሦስት ጥይት በዕድልም ይጠጋጋል። ባለ አምስት ጥይት፣ ያውም ተደጋግሞ የተተኮሰ ካለ አሳዩኝ በሏቸው።

ክብደቱም ላይ ጨዋታ አለ። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው የባዶው ጠመንጃ ኪሎ ነው። መነጽሩ፣ ማሰሪያው፣ መደገፊያው፣ ጥይቱ ሲጨመር ሽቅብ የምትሸከሙት ሌላ ነው። በእርግጥ ቀላል የሆነ ጠመንጃም አለ፤ ችግሩ .300 ዊንቸስተር ማግነም በሚባለው ኃይለኛ ጥይት የሚተኩሰውን ሲሸጡላችሁ ነው። ጠመንጃ በቀለለ ቁጥር ትከሻን ክፉኛ ይመታል። ምቱን የፈራ ሰው ምላጩን ሳይስብ ዓይኑን ይጨፍናል። አፈሙዙ ላይ የሚገጠመው ምት መቀነሻ ይረዳል፣ ጩኸቱ ግን ጆሮ ይበጥሳል። ለተራራ በግና ፍየል እንደሆነ እኔ በ1925 እ.ኤ.አ. የወጣውን .270 ዊንቸስተር ጥይት እመርጣለሁ።

አብሮ የሚሰጠው ርቀት መለኪያ ተዳፋት ያሰላል ወይ? ይህን ሳትጠይቁ አትውጡ። በ30 ዲግሪ ተዳፋት 400 ሜትር ላይ ያለ እንስሳ የሚተኮሰው እንደ 346 ሜትር ነው፤ የሚቆጠረው አግድም ርቀቱ ነውና። ሽቅብም ቁልቁልም ያው ነው። መሣሪያው ቀጥታውን 400 ብቻ ካሳያችሁና አምናችሁ ከተኮሳችሁ ጥይቱ በላይ ያልፋል።

ጫማው ላይ ደግሞ «አዲስ ነው፣ እግር አልገባበትም» የሚለው ብቻ እንዳያጽናናችሁ። ብዙ የተራራ ጫማዎች መካከለኛ ሶላቸው ፖሊዩሪቴን የሚባል ፕላስቲክ ነው። ይህ ነገር ከአየር እርጥበት ጋር እየተያያዘ ሳጥን ውስጥ እንደተቀመጠም ያረጃል። ከዓመታት በኋላ ይፈረካከስና ሶሉ መንገድ ላይ ይገነጠላል። የተመረተበትን ጊዜ ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ ጫማውን ተዉት።

ከመክፈላችሁ በፊት የጠመንጃው ዋጋ ለብቻው ስንት እንደሆነ አስነግሩ። መነጽሩ ለብቻው መመለስ እንደሚቻልም ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። «ፓኬጅ አይበተንም» ካሏችሁ፣ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ከትታችሁ ውጡ።