ባለ 13 ወር የተማሪ አጀንዳ፦ ጥያቄዎቹ የበሰሉ፣ ሠንጠረዡ የቸኮለ

በየዓመቱ ነሐሴ ሲጋመስ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች በአዲሱ ዓመት አጀንዳዎች ይሞላሉ። አብዛኞቹ ለቢሮ ሠራተኛና ለነጋዴ የተሰናዱ በመሆናቸው፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ ከመስጠትና ከኋላ የስልክ ቁጥሮችን ከመደርደር አያልፉም። እዚህ የምገመግመው አጀንዳ ግን ለኮሌጅና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታስቦ የተዘጋጀ ነው። የዕለት ውሎ የሚሞላበት ገጽ ጨርሶ የለውም፤ በምትኩ ለእያንዳንዱ ወር ጥቂት ገጾች መድቦ፣ ተማሪው በወሩ መጨረሻ ቁጭ ብሎ ስለ ራሱ፣ ስለ ትምህርቱና ስለ ሰጠው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት እንዲጽፍ ይጠይቃል። የ2017ቱን እትም ዓመቱን ሙሉ ስለተጠቀምኩበት አስተያየቴ ከመደርደሪያ ላይ አንስቶ ከማገላበጥ የመጣ አይደለም። የምነቅፈው ነገር ስላለና አሳታሚውም አነስተኛ ስለሆነ ስሙን ትቼዋለሁ።

የአጀንዳው ዋና ሀብት ጥያቄዎቹ ናቸው። ስለ ግል ዕድገት የሚነገረው ሁሉ የሚደጋግመውን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታያለህ የሚለውን ጥያቄ አዘጋጆቹ ወደ ጎን ትተው፣ ወሩ ራሱ ከሚያመጣው ጉዳይ ተነሥተዋል። የጥቅምት ገጾች ስለ ዶርም ኑሮ ይጠይቃሉ፤ የጥር ገጾች ስለ ማጠቃለያ ፈተና ሰሞን እንቅልፍ። ውጤት በሚለጠፍበት በየካቲት ደግሞ «ከጠበቅከው በታች ያመጣህበትን ትምህርት ለቤተሰብህ እንዴት አድርገህ ነገርካቸው?» የሚል ጥያቄ ይገኛል፤ ይህን የጻፈው ሰው ተማሪ እንደነበረ አልጠራጠርም። ጥያቄዎቹ በሙሉ በወንድ ጾታ መጻፋቸው ግን ሴት ተማሪዎችን እንደሌሉ መቁጠር ነው።

ከሁሉ የጠቀመኝ የኅዳር ጥያቄ ነው፦ «በዚህ ወር ላስተማርከው ሰው ያልገባው ነገር ምን ነበር? ለምን እንዳልገባው ደርሰህበታል?» ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈራችን የወጣት ማዕከል ለከተማ አቀፍ ፈተና የሚዘጋጁ የ8ኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ከልጆቹ አንዱ ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ሲያካፍል ሁለተኛውን ገልብጦ ማባዛት እንዳለበት በቃሉ ይወጣዋል፤ ግማሽ እንጀራ ሩብ ሩብ እየተደረገ ቢቆረስ ስንት ሰው ይደርሰዋል ሲባል ግን ዝም ይላል። ጥያቄው ባይኖር ኖሮ ልጁ መልሱን ማግኘቱን ብቻ አይቼ ባለፍኩ ነበር። መልሴን ስጽፍ የጎደለው ሥሌቱ ሳይሆን የሥሌቱ ትርጉም መሆኑ ታየኝ፤ ከዚያ ወዲህም የራሴን የምህንድስና ትምህርት ስከልስ ቀመሩን ከማየቴ በፊት «ይህ ነገር ምንን ይቆጥራል?» ብዬ መጀመር ልማዴ ሆኗል። አንድ ደብተር ለተማሪ ከዚህ የበለጠ ሊያደርግለት የሚችል ነገር መኖሩን እንጃ።

የጳጉሜን አያያዙም የሚመሰገን ነው። ብዙ አጀንዳዎች አሥራ ሦስተኛዋን ወር ከነሐሴ ግርጌ ለጥፈዋት ያልፋሉ፤ ይህኛው ለአምስቱ ቀናት አምስት ገጽ ሰጥቶ፣ ምንም አዲስ ዕቅድ ሳያስጽፍ ያለፉትን አሥራ ሁለት ወራት ብቻ ያስነብባል። በየገጹ ላይ «ይህን ስትጽፍ ያስጨነቀህ ነገር ዛሬ ከየት ደረሰ?» የሚል አንድ መስመር አለ፤ በጥቅምት ሦስት ገጽ ያስሞላኝ ጭንቀት ከታኅሣሥ በኋላ ስሙ እንኳ አልተነሣም።

ችግሩ የሚጀምረው ከበጎ ፈቃድ ገጽ ላይ ነው። ያን ያህል አስተውለው የጠየቁ አዘጋጆች እዚህ ሲደርሱ ቀን፣ ቦታ፣ ሰዓት፣ ፊርማና ማኅተም የሚል ሠንጠረዥ አስምረው፣ ከግርጌው «ጠቅላላ ሰዓት» ብለው አልፈዋል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ለነፃ የትምህርት ዕድልም ሆነ ለሥራ ሲያመለክቱ የአገልግሎት ማስረጃ የሚጠይቁ ድርጅቶች እየበዙ ነው። ነገር ግን ሰዓት ሁሉንም አገልግሎት አይለካም። ደም መለገስን እንውሰድ፦ ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ሊለግስ ይችላል፤ ምዝገባውና ምርመራው ተጨምሮም ከአንድ ሰዓት ብዙ አያልፍም። በዚህ ሠንጠረዥ ሕግ ዓመቱን ሙሉ ያለማቋረጥ የለገሰ ተማሪ፣ በሐምሌ አንድ ቀን ችግኝ ሲተክል ከዋለው ያነሰ አገልግሏል ማለት ነው። በመቄዶንያና መሰል ማዕከላት አረጋውያንን አጥቦና መግቦ ለሚመለስ ሰውም፣ ስላያቸው ሰዎች የሚጽፍበት አንድ ባዶ መስመር አልተተወለትም። እኔ ማኅተም የሚለውን ዓምድ ሰርዤ የተጨዋወትኩትን ነገር እጽፍበት ነበር፤ ጠባብ ስለሆነ ፊደሌ እየደቀቀ ሄዷል እንጂ ከነሰዓቱ በተሻለ አገልግሎኛል።

የሐምሌ ወር መግቢያ ላይ የወጣው የአንድ ገጽ ጽሑፍም ያው ችግር አለበት። የኢትዮጵያ ተማሪ ያለፈባቸውን ታሪካዊ አገልግሎቶች ሲዘረዝር ሁሉንም በአንድነት በጎ ፈቃድ ይላቸዋል። በ1957 የተጀመረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች አገልግሎት ግን ለመመረቅ የግድ መሟላት የነበረበት የአንድ ዓመት ግዴታ ነበር፤ በ1967 ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ያሰማራው የእድገት በኅብረት ዘመቻም ሰው ወዶና ፈቅዶ ብቻ የሚገባበት አልነበረም። ይህን ማለት የዘማቾቹን ድካም አያሳንስም፤ በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብና መጻፍ የቻሉ እናቶችና አባቶች ዛሬም በየቤታችን አሉ። ነገር ግን ተማሪው ፈቅዶ ያደረገውንና ታዝዞ ያደረገውን ለይቶ እንዲያስብ የሚፈልግ አጀንዳ፣ ራሱ ልዩነቱን ማደባለቅ አልነበረበትም።

ከሁሉ ያናደደኝ የቀን አቆጣጠር ስሕተቱ ነው። ከእያንዳንዱ የኢትዮጵያ ቀን ጎን የፈረንጆቹ ቀን በትንሽ ፊደል ታትሟል፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ማመልከቻ ቀነ ገደብ የሚነገረው በዚያው አቆጣጠር ስለሆነ። አዘጋጆቹ ግን የ2016ቱን ሠሌዳ እንዳለ ገልብጠውታል። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና የ2016 መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ዋለ፤ የ2017 መስከረም 1 ግን ሴፕቴምበር 11 ነበር። በዚህ ምክንያት ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ የካቲት 21 ድረስ ያሉት የፈረንጅ ቀኖች በሙሉ በአንድ ቀን ወደፊት ተገፍተዋል፤ የካቲት 21 ጭራሽ ከፌብሩዋሪ 29 ጋር ተጣምሮ ታትሟል፤ በ2025 ደግሞ እንዲህ የሚባል ቀን የለም። የግድግዳ ካላንደር አጠገቡ ያለው ሰው ወዲያው ይነቃበታል፤ አጀንዳውን አምኖ ቀነ ገደብ የሚቆጥር ተማሪ ግን ገና አንድ ቀን እያለው ጊዜው ያለቀበት ይመስለዋል።

በአሠራሩ በኩል ብዙ የምለው የለኝም። ጥራዙ በክር የተሰፋ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቅጠል አልተገነጠለበትም፤ ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ግን የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ጀርባው ያልፋል። በየወሩ ግርጌ አንድ ተረትና ምሳሌ ተቀምጧል፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን በሰኔ፣ በማጠቃለያ ፈተና ዋዜማ ላይ ያስቀመጠው ሰው ሆን ብሎ ያሾፈ ይመስለኛል።

ዋጋው ከአንድ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር እምብዛም የማይበልጥ በመሆኑ፣ በወር አንድ ቀን ለመጻፍ ቁርጠኛ ለሆነ ተማሪ እንዲገዛው እመክራለሁ፤ የክፍለ ጊዜና የቀጠሮ መያዣ ለሚፈልግ ግን አይሆነውም። የ2018ቱን እትም ገዝቼዋለሁ። የፈረንጆቹ ቀን ተስተካክሏል፤ ወረቀቱም ወፈር ብሏል። የበጎ ፈቃዱ ሠንጠረዥ ግን ከነማኅተም ዓምዱ እንዳለ ስለሆነ፣ አምና እንዳደረግሁት ገና ከመስከረም ጀምሮ ሰርዤዋለሁ።