የሕይወት አድን ንጥረ ነገርና የዚንክ ጥቅል፦ በጅማ መድኃኒት ቤቶች የሚገኝ የሕፃናት ተቅማጥ ሕክምና ግምገማ

በጅማ ክረምቱ ሲከብድና የጉድጓድና የምንጭ ውኃ በጎርፍ ሲደፈርስ የሕፃናት ተቅማጥ ይበዛል፤ በዚያው ልክ ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ባሉት መድኃኒት ቤቶች ደጃፍ ልጅ ያዘሉ እናቶች ሲመላለሱ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው ሁለት የሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.፣ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ዱቄት) ፓኬቶችና አሥር የዚንክ ኪኒኖች አብረው የታሸጉበትን አነስተኛ ጥቅል ነው። ለአንድ ዓመት ተኩል ልጄ ገዝቼ ተጠቅሜበታለሁ። በቤቱ ትንሽ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ልጁ ሳይታመም ገዝቶ ቢያስቀምጠው እመክራለሁ፤ ሆኖም የጥቅሉ ጥቅም የሚወሰነው በአበጣበጡና በሻጩ ምክር ጭምር ስለሆነ ስለ ሁለቱም በሰፊው እናገራለሁ።

ዱቄቱ ሲታይ ተራ ጨውና ስኳር ይመስላል። በእያንዳንዱ ፓኬት ውስጥ ያለው 20.5 ግራም ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 13.5 ግራሙ ግሉኮስ፣ 2.6 ግራሙ የገበታ ጨው፣ 2.9 ግራሙ ሲትሬት፣ 1.5 ግራሙ ደግሞ የፖታሲየም ጨው ነው። የትንሹ አንጀት ግድግዳ ሶዲየምንና ግሉኮስን ተጣምረው ሲያገኛቸው አብሮ ወደ ውስጥ ያስገባቸዋል፣ ውኃም ይከተላቸዋል፤ ይህ መንገድ ልጁ ተቅማጥ ይዞትም ቢሆን በአብዛኛው ሥራውን አያቋርጥም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2002 እ.ኤ.አ. የጨውና የግሉኮሱን መጠን ቀንሰው ያወጡት ይህ አዲሱ ቅመራ ከቀድሞው ጋር በጥናት ሲነጻጸር፣ በደም ሥር ፈሳሽ የሚያስፈልጋቸውን ሕፃናት ቁጥር በ33 በመቶ፣ ትውከትን ደግሞ በ30 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ስለዚህ ሲገዙ አሮጌው ሳይሆን አዲሱ ቅመራ መሆኑንና ጊዜው አለማለፉን ከማሸጊያው ላይ ማየት ይገባል።

ጥንቃቄ የሚጠይቀው አበጣበጡ ነው። እኔ የገዛሁት ፓኬት በአንድ ሊትር ውኃ የሚበጠበጥ ቢሆንም ይህ የተጻፈው ከጀርባው በደቃቅ ፊደል ስለሆነ፣ ማታ በደበዘዘ መብራት ልጅ ታቅፎ ለሚያነብ ሰው አይታይም። የብዙዎቻችን መለኪያ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው፤ ጠርሙሶቹ ግን መጠናቸው የተለያየ ስለሆነ፣ ግማሽ ሊትር የሚመስለው ትንሽ በልጦ ሊገኝ ይችላልና በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳያነቡ መለካት አያዋጣም። ሙሉው ፓኬት በግማሽ ሊትር ከተበጠበጠ ጨውና ስኳሩ በርትቶ ተቅማጡን ሊያባብሰውና በልጁ ደም ውስጥ ያለውን ጨው ከልክ በላይ ሊያደርሰው ይችላል፤ ዱቄቱን ከፍሎ ግማሹን ለሌላ ቀን ማስቀመጥም ልኩን ያዛባል። እኔ ውኃውን አፍልቼ ካቀዘቀዝሁ በኋላ በአንድ ሊትር ጠርሙስ ለክቼ ክዳን ባለው ጆግ ገለበጥሁት፣ ፓኬቱንም በአንድ ጊዜ አራግፌ ዱቄቱ ከታች እስኪጠፋ ድረስ አማሰልሁት። ስቀምሰው ጨውነቱ ከእንባ አይበልጥም ነበር። ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ተቅማጥ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከትልቅ ኩባያ ሩብ እስከ ግማሽ ይሰጠዋል፤ ካስመለሰውም አሥር ደቂቃ ያህል ታግሶ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። የእኔው ልጅ በኩባያ እምቢ ብሎ በማንኪያ ተቀበለ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል።

ዚንኩ በጥቅሉ ውስጥ ትኩረት የተነፈገው ክፍል ነው። ኪኒኑ በማንኪያ ውኃ ወይም በታለበ የእናት ጡት ወተት ውስጥ ሲገባ ወዲያው ይሟሟል፤ የብረት ጣዕሙ ግን በተጨመረበት ማጣፈጫ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ልጄም መጀመሪያ ላይ ፊቱን አዙሮ ተፋው። ማሸጊያው የሚያዘው ስድስት ወር ለሞላውና ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች ለሆነ ደግሞ ግማሹን፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ፣ በሕንድና በታንዛኒያ በ4,500 ሕፃናት ላይ የተካሄደ ጥናት ግን 10 እና 5 ሚሊ ግራም ከ20ው የማያንስ ጥቅም እንደሰጡ አሳይቷል፤ ከዋጡ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያስመለሱትም ከ19.3 በመቶ ወደ 15.6 እና 13.7 በመቶ እንደየቅደም ተከተላቸው ዝቅ ብለዋል። ይህ ማለት ወላጅ በራሱ ፈቃድ ኪኒን ይቁረስ ማለት አይደለም፤ ልጁ እያስመለሰ ካስቸገረ ግን ባለሙያን ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነው። ዚንክ ስድስት ወር ባለፋቸው ሕፃናት የተቅማጡን ዕድሜ በአማካይ በግማሽ ቀን፣ ምግብ ባነሳቸው ሕፃናት ደግሞ በአንድ ቀን ገደማ ያሳጥራል። ተቅማጡ ሲቆም ኪኒኑን ማቋረጥ በየሰፈሩ የተለመደ ነው፤ በአካባቢዬም እናቶች የተረፈውን ለታናሹ ሲያስቀምጡ አያለሁ። አሥሩም ኪኒኖች ስድስት ወር ለሞላው አንድ ልጅ የአንድ ሕመም ሙሉ የአሥር ቀን ሕክምና ናቸው።

ስለ ሽያጩ አገልግሎት ስናገር ቅሬታ አለኝ። መጀመሪያ የገባሁበት መድኃኒት ቤት ሻጭ ጥቅሉን ስጠይቀው «እህቴ፣ ይኼ እኮ ውኃ ብቻ ነው፤ ጠንከር ያለ ነገር ልስጥሽ?» ብሎ ሐኪም ያላዘዘውን ፀረ ተሕዋስያን ሽሮፕ አወጣልኝ። ክፋት አስቦ ነው አልልም፤ ገዢ ጠንካራ መድኃኒት ይፈልጋል ብሎ ገምቶ ነው። ይህ ግምት የጅማ ብቻ እንዳልሆነ በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ የሕንድ ጥናት አሳይቷል። አጥኚዎቹ የታመመ ልጅ አባት መስለው የሚቀርቡ ሰዎችን ከ2,000 በላይ ወደሚሆኑ የግል ሕክምና ሰጪዎች ልከው ነበር፤ ንጥረ ነገሩ ሳይታዘዝ ከሚቀርባቸው ምክንያቶች 42 በመቶው «ታካሚው አይፈልገውም» የሚለው የሕክምና ሰጪው ግምት ሆኖ ሲገኝ፣ የመድኃኒቱ እጥረት 6 በመቶ፣ የትርፍ ፍላጎት ደግሞ 5 በመቶ ብቻ ነበር። እንግዲህ ገዢው ንጥረ ነገሩን በስሙ ጠርቶ መጠየቁ ራሱ ሻጩን ሊለውጠው ይችላል። ፀረ ተሕዋስያኑን በተመለከተም በሰባት የአፍሪካና የእስያ አገሮች ውኃ በተሟጠጠባቸው ወይም ምግብ ባነሳቸው 8,266 ሕፃናት ላይ የተደረገውና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ደም ለሌለው ተቅማጥ አዚትሮማይሲን መጨመር በስድስት ወር ውስጥ የሚደርሰውን ሞት እንዳልቀነሰ አረጋግጧል።

ሁለተኛው መድኃኒት ቤት ውስጥ ያገኘኋት ባለሙያ ግን የልጁን ዕድሜ ጠየቀች፣ በሰገራው ደም አይቼ እንደሆነ አጣራች፣ አንድ ባዶ ጠርሙስ አንሥታ ልኩን በጣቷ አሳየችኝ፣ የዚንኩን ቀኖች በእስክሪብቶ ጥቅሉ ላይ ጻፈችልኝ። ከሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። ዕቃው አንድ፣ ዋጋውም ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ፣ አገልግሎቱ የሰማይና የምድር ያህል ተራርቆ አገኘሁት።

ጥቅሉ የማይሸፍነው ነገርም አለ። ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ የሰረጎደ ዓይን፣ መፍዘዝ፣ መጠጣት አለመቻል ወይም ተቆንጥጦ ቶሎ የማይመለስ ቆዳ ከታየ፣ ንጥረ ነገሩን በመንገድ ላይ እያጠጡ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል መሮጥ እንጂ ቤት መጠበቅ አይገባም። ጥቅሉ ስለ ምግብ የሚለው ነገር አለመኖሩም ጎድሎታል፤ ጡት ማጥባት እንዳይቋረጥ፣ ገንፎውም እንዳይከለከል፣ ልጁ ካገገመ በኋላም ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ማዕድ እንዲያገኝ በሁለት መስመር መጻፍ ይቻል ነበር። አምራቾቹ «አንድ ሊትር» የሚለውን ከፊት በትልቅ ፊደል፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቢያትሙትና የጠርሙስ ሥዕል ቢጨምሩበት፣ ማንበብ የማይችሉ እናቶችም በትክክል ሊበጠብጡት ይችላሉ።