ሰባ ሠላሳ ኢንሱሊን በብልቃጥ፦ ለማን ይመቻል? ለምንስ ያወፍራል?

ወተት የመሰለውን ባለ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ጎንደር ውስጥ የስኳር ክትትል ያለበት ቤተሰብ ያውቀዋል። 1000 ዩኒት ይይዛል፤ 70 በመቶው ቀስ ብሎ የሚሠራው ኤንፒኤች፣ 30 በመቶው ፈጣኑ ሬጉላር ነው። ስኳር ለማውረድ አስተማማኝ መድኃኒት ነው። ከሁሉም ሰው ኑሮና ከሁሉም ሰውነት ጋር ግን እኩል አይስማማም።

የሚወጋው ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ነው። ሬጉላሩ በግማሽ ሰዓት ሥራ ይጀምራል፤ ኤንፒኤቹ የሚበረታው ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ጠዋት 12፡30 ተወግቶ 1 ሰዓት ላይ ቁርሱን የበላ ሰው ምሳውን ካዘገየ ስኳሩ ይወርድበታል። ስለዚህ የምግብ ሰዓቱ ለማይዛነፍ ሰው ምቹ ነው። ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ግን አይመችም፤ የጠዋቱ መርፌ ኃይሉን የሚያሳየው ሆድ ባዶ በሆነበት ሰዓት ነው። ሁለቱ ቀድመው ስለተቀላቀሉ አንዱን ብቻ መቀነስ አይቻልም። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪም አማክሮ መጠኑን ወይም ዓይነቱን ማስቀየር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ክብደት። በ1998 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣው ትልቁ የብሪታንያ የስኳር ጥናት፣ ኢንሱሊን የተሰጣቸው ሰዎች በ10 ዓመት ውስጥ መደበኛ ሕክምና ካገኙት በአማካይ 4 ኪሎ ያህል በልጠው እንደጨመሩ አሳይቷል። አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ በሽንት ይወጣ የነበረው ስኳር ሰውነት ውስጥ ይቀራል። በቀን 75 ግራም ይወጣ ከነበረ 300 ኪሎ ካሎሪ ማለት ነው። ሌላው ስኳር ሲወርድ በድንጋጤ የሚበላው ነው፤ አራት የሻይ ማንኪያ ገደማ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣትና 15 ደቂቃ ጠብቆ መለካት ሲበቃ፣ ብዙ ሰው ለስላሳውንም እንጀራውንም ይደራርበዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ አይነገርለትም፤ መነገር ግን አለበት። ኢንሱሊን አሳዳጊም ነው። ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ከሁሉ በፊት የሚደርሰው ጉበት ላይ ነው። እዚያም የዕድገት ሆርሞን ተቀባዮችን ያበዛል፤ በዚህም ጉበት አይጂኤፍ-1 የተባለውን ኢንሱሊን መሰል የዕድገት ንጥረ ነገር ያመርታል። ከዚያ በላይ ደግሞ አይጂኤፍ-1ን አጥብቆ የሚይዘውን ተሸካሚ ፕሮቲን፣ ቁጥር 1 የሚባለውን፣ ምርት ይቀንሳል። በወፈረ ሰው ደም ውስጥ ኢንሱሊን ስለሚበዛ ይህ ተሸካሚ ይመናመናል። ያን ጊዜ ጠቅላላው አይጂኤፍ-1 ባይጨምርም፣ ሳይታሰር የሚዘዋወረው ክፍል አይጎድልም፤ ከፍ ሊልም ይችላል። ጠቅላላውን ብቻ የሚለካ ምርመራ ወፍራም ሰው ላይ የሚያሳስተው ለዚህ ነው። የዕድገት ሆርሞንም በዚሁ ሰው ይቀንሳል፤ ስብን የሚያቀልጠው ደግሞ እሱ ስለሆነ ስቡ በቀላሉ አይቀልጥም።

በመርፌ የገባው ኢንሱሊን መንገዱ ሌላ ነው። ከቆዳ ሥር ተነሥቶ መላ አካል ስለሚዳረስ ጉበት ቀድሞ የሚያገኘውን ድርሻ ያጣል። የራሱ ኢንሱሊን በሌለው ልጅ አይጂኤፍ-1 ዝቅ፣ ተሸካሚው ከፍ ይላል፤ መጠኑ ለረጅም ጊዜ ካነሰበት ቁመቱም ይገታል። በጎንደር ዙሪያ ገጠሮች ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙ ሕሙማን ከሲታ መሆናቸው በጥናት ተመዝግቧል። ለእነሱ የሚጨምረው ኪሎ ሕክምናው መሥራቱን የሚያሳይ ነው፤ «አወፈረኝ» ተብሎ መርፌ መቀነስ አደገኛ ነው። ለወፈረ የሁለተኛው ዓይነት ታማሚ ግን ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ክኒን አብሮ ቢሰጠው በአነስተኛ መጠን መቆየት ይችላል፤ ክብደቱም ያን ያህል አይጨምርም።

የኢንሱሊንን አሳዳጊነት በእጅ መዳሰስም ይቻላል። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲወጋ ከቆዳ ሥር የስብ እብጠት ይፈጠራል። ስለማያም ሰው እዚያው መውጋት ይመርጣል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ከዚያ አንድ ቀን ቶሎ፣ ሌላ ቀን ዘግይቶ ይወጣል። ካለፈው መርፌ ቢያንስ አንድ ጣት ስፋት ይራቁ። ከእብጠት ወደ ጤነኛ ቦታ ሲዛወሩ ያው መጠን ሊበዛ ስለሚችል ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ስኳርዎንም ቶሎ ቶሎ ይለኩ።

አቀዳዱ ላይ ስህተት ይበዛል። ብልቃጡን በመዳፍ መካከል 10 ጊዜ ያንከባሉ፣ 10 ጊዜ ይገልብጡ፤ አይናጥም። ሳይዋሐድ ከተቀዳ አንድ ቀን ፈጣኑ፣ ሌላ ቀን ቀርፋፋው ይበዛል። በ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ላይ አንዷ መስመር ብዙውን ጊዜ 2 ዩኒት ናት፤ በግማሽ ሚሊ ሊትሩ 1። ባለ ቀይ ክዳኑን፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ለሚይዝ ኢንሱሊን የተሠራውን ሲሪንጅ ከቶ አይጠቀሙ፤ 20 ላይ ቢቀዱ የሚገባው 50 ዩኒት ነው።

አያያዙ አይከብድም። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። የተከፈተው ጎንደር ከተማ ውስጥ ፀሐይ በማይደርስበት ጥላ 4 ሳምንት ይቆያል። ወደ መተማ ወይም ሁመራ ለሚወርድ፣ እርጥብ አሸዋ ያለበት የሸክላ ማሰሮ ይረዳል፤ ብልቃጡ ውኃ እንዳይነካው በላስቲክ ይጠቅለል። ማሰሮው የሚያቀዘቅዘው ውኃው ሲተን ስለሆነ በደረቁ በጋ በደንብ ይሠራል፤ በክረምት ግን እርጥበቱ ያዳክመዋል። አንዴ በረዶ የሆነ፣ ወይም ተንከባሎም ጓጉሎ የቀረ ብልቃጥ ይጣል።