ለማዮማ ሄጄ ስለ ስትሮክ የተማርኩበት ክሊኒክ

ባለፉት ስምንት ወራት በማዮማ፣ ማለትም ማሕፀን ላይ በሚያድግ ዕጢ ምክንያት አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት የሴቶች ክሊኒኮች ታይቻለሁ። ይህን የምጽፈው በዋናነት ስለ ሁለተኛው ነው። ምስጋናዬ ቢያመዝንም ነቀፌታም ስላለኝ፣ ስለ መጀመሪያው የምናገረውም ደስ የሚያሰኝ ስላልሆነ፣ የሁለቱንም ስም ትቼዋለሁ። አንባቢዋ ስማቸውን ባታውቅም የትኛውም ክሊኒክ ስትገባ ምን መጠየቅና ምን መጠበቅ እንዳለባት ከዚህ ታገኛለች ብዬ አምናለሁ።

ዕድሜዬ 43 ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የወር አበባዬ ከዘጠኝ ቀን በላይ እየቆየ፣ ደሙ እየረጋ እየወረደ፣ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ድረስ ሲያደክመኝ ነበር ወደ መጀመሪያው ክሊኒክ የሄድኩት። ሐኪሙ የአልትራሳውንዱን ወረቀት አይቶ «ማዮማ ነው፤ ከወለድሽ ደግሞ ማሕፀኑ ቢወጣ ይሻልሻል» አለኝና እስከዚያው ደሙን እንዲቀንስልኝ የወሊድ መከላከያ እንክብል አዘዘልኝ። ከተቀመጥኩበት እስክነሣ አሥር ደቂቃ አልሞላም። የደም ግፊቴን የለካኝ አልነበረም፤ ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ግፊቴ ከፍ ብሎ ሆስፒታል ተኝቼ እንደነበርም የጠየቀኝ የለም። እኔም ነገሩ ከማዮማ ጋር ይገናኛል ብዬ ስላላሰብኩ ሳልናገር ወጣሁ። እንክብሉን አንድ ወር ከዋጥኩ በኋላ በራስ ምታት ስሠቃይ ነው እናቴ ይዛኝ ወደ ሁለተኛው የሄደችው።

እዚያ ካርድ አውጥቼ መጀመሪያ የገባሁት ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ ነርሷ ክፍል ነው። ሲስተር ቡና ጠጥቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ከጠጣሁ ግማሽ ሰዓት እንዳልሞላኝ ስነግራት «እንግዲያው ትንሽ እንቆይ» አለች። ሽንት ቤት ደርሼ እንድመለስ፣ ጀርባዬን ደግፌ፣ እግሬን ሳላነባብር፣ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ በልቤ ትክክል አሳርፌ፣ ሳላወራ አምስት ደቂቃ እንድቀመጥ አደረገችኝ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ግፊት ተለክቻለሁ፤ እንዲህ ተለክቼ ግን አላውቅም። 158 በ96 ሆነ። በሌላው ክንዴ ደገመችው፤ ለውጥ አልነበረውም። ከሦስት ቀን በኋላ መልሳ ስትለካኝም 154 በ94 ነበር።

ሐኪሟ ይህን ቁጥርና የምወስደውን እንክብል ጎን ለጎን አይታ ከዚያው ቀን ጀምሮ እንድተወው ነገረችኝ፤ ምክንያቱንም ሳትቸኩል አስረዳችኝ። እንደ እኔው እንክብል ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ ደም የመርጋት ዝንባሌን ስለሚጨምር ግፊቷ ከፍ ላለ ሴት፣ ዓይን ላይ ብልጭታ እያሳየ የሚመጣ ማይግሬን ላለባት፣ ወይም ከ35 ዓመት በላይ ሆና ሲጋራ ለምታጨስ ሴት የስትሮክን፣ ማለትም የአንጎል ደም ሥር በድንገት የመዘጋት ወይም የመፍሰስን አደጋ ከፍ ያደርጋል። በእርግዝና ጊዜ የሚነሣ ግፊትም ልጁ ሲወለድ አብሮ የሚያበቃ ጉዳይ አይደለም፤ ያ የገጠማት ሴት ከዓመታት በኋላ ለስትሮክና ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጠች ስለሆነች ዕድሜዋን ሙሉ ግፊቷን መከታተል ይኖርባታል። ሁለተኛ ልጄ ዛሬ 11 ዓመቱ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ግድግዳው ላይ በአማርኛ የተጻፈ የስትሮክ ምልክቶች ሥዕል ተሰቅሏል። እንደዚህ ያለ ሥዕል በየጤና ተቋሙ ይለጠፋል፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። ሲስተር ግን እናቴንና እኔን አቁማ አሠራችን። ፈገግ በሉ አለችን፤ የፊት አንዱ ጎን ከወደቀ አንድ ምልክት ነው። ሁለት እጃችሁን ዘርጉ አለችን፤ አንደኛው ከዘቀዘቀ ሌላ ምልክት ነው። ቀጥላ «አበበ በሶ በላ» ብለን እንድንደግም ጠየቀችን፤ ይህን ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው ምላሱ ከተሳሰረበት፣ ምልክቱ ያ ነው። ከሦስቱ አንዱ እንኳ በድንገት ከታየ ሰዓቱን አይቶ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። አምቡላንስ ለመጥራት የቀይ መስቀልን 907 በየስልካችን አስመዘገበችን።

እናቴ እዚያው አለቀሰች። አክስቴ ከአራት ዓመት በፊት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቡና እየቀዳች ሳለ ሲኒው ከእጇ ወደቀ፤ አፏም ተጣመመ። ቤት ውስጥ የነበርነው ሁላችን ምች መታት ብለን ዳማከሴ ጨምቀን አሸናት፤ ትተኛና ይለቃታል ብለን ጠበቅን። ሆስፒታል የደረሰችው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። በረጋ ደም በሚመጣ ስትሮክ ጊዜ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ምልክቱ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት እንዳለበት፣ ከዚያ በፊትም ደም ረግቶ ይሁን ፈስሶ ለመለየት ሲቲ ስካን የሚባለው የአንጎል ምስል እንደሚያስፈልግ ያወቅነው በዚያች ክፍል ነው። አስፕሪን ቤት ውስጥ መስጠት ተገቢ የማይሆነውም ስለዚሁ ነው፤ የፈሰሰ ደም ከሆነ ያባብሰዋልና። የመድኃኒቱ በየሆስፒታሉ አለመገኘት ሌላ ችግር ነው፤ ነገር ግን ሲቲ ስካን ያለው በቅርብ የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ለማንም አይከብድም። አክስቴ እስከ ዛሬ ቀኝ እጇ አይታዘዝላትም።

ወደ ማዮማው ልመለስ። ሐኪሟ ወረቀት አውጥታ ማሕፀን ሣለችና አምስቱንም ማዮማዎቼን በየቦታቸው አስቀመጠቻቸው፤ ትልቁ 9 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በማሕፀኑ ግድግዳ ውስጥ ነበር። ማዮማ ካንሰር እንዳልሆነ፣ ሕመም የማይሰጥ ከሆነም ሳይነካ ክትትል ብቻ እንደሚደረግለት አስቀድማ ነገረችኝ። ወደ ማሕፀን ክፍተት የወጣ ማዮማ ሆድ ሳይቀደድ በማሕፀን በር በኩል በካሜራ ይወጣል። በውጭ በኩል ያለው በትንንሽ ቀዳዳዎች ሊወጣ ይችላል። ብዙና ትልልቅ ሲሆኑ ግን ሆድ ተከፍቶ ነው፤ በእነዚህ ሁሉ መንገዶች ማዮማው ብቻ ወጥቶ ማሕፀኑ ይተርፋል፣ መውለድ ለምትፈልግ ሴትም ተመራጩ ይኸው ነው፤ ሆኖም አዲስ ማዮማ ተመልሶ ሊያድግ ይችላል። የማዮማውን የደም ሥር በቀጭን ቱቦ የመዝጋት ሕክምናም አለ፤ እነርሱ እንደማይሠሩት ሳትደብቅ ነገረችኝ። ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሆርሞን ያለው ሉፕ ለብዙ ሴቶች ደሙን ይቀንሳል፤ የእኔ ማሕፀን ግን ቅርጹ ስለተዛባ ሉፑ ከቦታው ወጥቶ ሊወድቅ እንደሚችል አስረዳችኝ።

የመጨረሻው አማራጭ የመጀመሪያው ሐኪም በአሥር ደቂቃ የወሰነልኝ ነው፤ ማሕፀኑን ማውጣት። እኔም በመጨረሻ የመረጥኩት እሱኑ ነው። ልዩነቱ ምን እንደሚወጣና ምን እንደሚቀር አውቄ መምረጤ ነው። ኦቫሪ የምንለው እንቁልጢ ከማሕፀን ጋር የግድ አብሮ እንደማይወጣ አላውቅም ነበር። ያለ በቂ ምክንያት በተለይ ከ45 ዓመት በፊት ከወጣ ያለ ጊዜው ማረጥን ያመጣል፤ ለአጥንት መሳሳት፣ ለልብ ሕመምና ለስትሮክም ያጋልጣል። ግፊት ያለብኝ ሴት ይህን ሳልጠይቅ ፈርሜ ብሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ አሁንም እደነግጣለሁ።

ቀዶ ሕክምናው ለሁለት ወር ተኩል ተላለፈ፤ በዚያ ጊዜ የግፊት መድኃኒት የሆነውን አምሎዲፒንና የብረት እንክብል ወሰድኩ። ግፊቴ 128 በ82 ላይ ረጋ፤ የደም ማነሴን የሚያሳየው ሄሞግሎቢንም ከ8.4 ወደ 11.6 ወጣ። ክሊኒኩ አብሮት በሚሠራ ሆስፒታል ማሕፀኔ ወጣ፤ እንቁልጢዎቼ ቀሩ፤ ደም መውሰድ አላስፈለገኝም። በማግስቱ ጠዋት እግር ላይ ደም እንዳይረጋ ብለው ስፌቴ እያመመኝ አስነሥተው አራመዱኝ፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቴ ገባሁ።

ጉድለቱን ደግሞ ልናገር። ቀጠሮዬ ጠዋት 2 ሰዓት ሆኖ 5 ሰዓት ላይ የገባሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ክፍያው ከመጀመሪያው ክሊኒክ እጥፍ ገደማ ነው፤ ለምክሩ የሚሰጡት ጊዜ ዋጋ እንዳለው ባምንም ብዙ ሴቶች እንደማይችሉት አውቃለሁ። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ስልክ የሚያነሣ የለም፤ ስፌቴ እርጥበት ያወጣው ደግሞ እሑድ ነበር። ከሁሉም የከፋው የስምምነት ቅጹ በእንግሊዝኛ ብቻ መሆኑ ነው። ሁሉን በአማርኛ፣ በሥዕል ሳይቀር ያስረዳ ተቋም ፊርማ የሚቀበልበትን ወረቀት ሴትየዋ በማታነበው ቋንቋ ማቅረቡ አይገባኝም። እኔ እያንዳንዱን መስመር እንዲተረጉሙልኝ ጠይቄ፣ «እንቁልጢ አይወጣም» የሚለው በግልጽ እንዲጻፍ አድርጌ ነው የፈረምኩት። እናንተም ከመፈረማችሁ በፊት እንዲሁ ጠይቁ፤ የቆዩ የእርግዝና ወረቀቶቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። እናቴ ከእኔ ጋር በሄደችበት ቀን ተለክታ ግፊቷ 172 ሆኖ ተገኝቷል፤ አሁን በዚያው ክሊኒክ በየወሩ ትታያለች።